ማሽኑ ሲነሳ ቆጠራ የሚጀምር፣ ጊዜው ሲሞላ የሚጮህ ማንቂያ፦ ከቻርጀር እስከ ሣጥን

ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ፓምፑን አብርቼ ወደ ሌላ ሥራ ስዞር እረሳዋለሁ፤ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል። ማሽኑ ሲነሳ ራሱ መቁጠር የሚጀምር፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህ ነገር እንዴት ልሥራ?» አንዳንዱ በፓምፕ ፈንታ የሊጥ ማቡኪያ ይላል፣ ሌላው የፀጉር ቤት ካስክ። መልሱ ለሁሉም ያው ነው። የስልክ ማንቂያ የማያዋጣው ሰው መሙላቱንም ስለሚረሳ ነው፤ ይሄኛው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሳይነኩት ይጀምራል።

ዘዴው ቀላል ነው። አሮጌ የስልክ ቻርጀር ከማሽኑ ጋር በአንድ ማብሪያ ሥር ይሰካል። ማብሪያው ሲበራ ማሽኑም ቻርጀሩም አብረው ይነሳሉ፤ ከቻርጀሩ የሚወጣው 5 ቮልት ትንሿን ሰርኪት ያስጀምራል። ስለዚህ 220 ቮልቱን አንነካውም፣ አንቆርጠውም።

ቆጣሪው ሲዲ4060 የሚባል ባለ 16 እግር አይሲ (ሙሉ ሰርኪት በውስጡ የያዘ ትንሽ ቺፕ) ነው። እንደ ሰዓት በራሱ ይመታል፣ ምቱን በራሱ ይቆጥራል፣ 8192ኛው ምት ላይ እግር 3 ከዜሮ ወደ 5 ቮልት ይዘላል። «በተለመደው የጊዜ አይሲ፣ በ555 አይሠራም ወይ?» ለሚለው፦ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይሠራል። ለ15 ደቂቃ ግን 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) እና ወደ 820 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ዕቃ) ይፈልጋል። በ5 ቮልት ሲሠራ መጨረሻ አካባቢ ካፓሲተሩን የሚሞላው ከረንት 2 ማይክሮ አምፔር ብቻ ይሆናል፤ የዚያን ያህል ትልቅ ካፓሲተር ደግሞ በውስጡ ከዚያ በላይ ሊያፈስ ይችላል። ሲያፈስ ጊዜው ይረዝማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። 4060 በትንሽ ካፓሲተር ፈጥኖ እየመታ ብዙ ስለሚቆጥር ይህ ችግር የለበትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሲዲ4060 አይሲ 1፣ ከባለ 16 እግር መሰኪያው ጋር
- ቢሲ547 ትራንዚስተር 1
- 1ኤን4148 ዳዮድ 2
- ባለ 5 ቮልት ቡዘር 1፣ ቮልት ሲያገኝ ራሱ የሚጮኸው ዓይነት
- ቀይ ኤልኢዲ 1
- 1 ሜጋ ኦም ቮልዩም (እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞር ሬዚስተር) 1፣ ጀርባው ላይ «ቢ1ኤም» የሚል
- ሬዚስተር፦ 2.2 ሜጋ ኦም፣ 100 ኪሎ ኦም፣ 47 ኪሎ ኦም፣ 2.2 ኪሎ ኦም፣ 470 ኦም አንድ አንድ፤ 10 ኪሎ ኦም ሁለት፣ አንዱ ለሙከራ
- 0.1 ማይክሮ ፋራድ ፖሊስተር ካፓሲተር 1 እና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ሴራሚክ 1፤ ሁለቱም ላይ 104 ይጻፋል
- ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር፦ 1 ማይክሮ ፋራድ 1፣ 100 ማይክሮ ፋራድ 1፣ ሁለቱም 16 ቮልትና ከዚያ በላይ
- ተጭነው ሲለቁት የሚመለስ ቁልፍ 1
- ትልቁ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ቻርጀርና ገመድ
- ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰርኪት ቦርድ፣ ቀጭን ሽቦ፣ የፕላስቲክ ሣጥን
- የመበየጃ ካውያና እርሳስ፣ ቴስተር

ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። ሻጩ «4060 የለም፣ 4040 ወይም 4020 ውሰድ፣ ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም፤ እነዚያ ይቆጥራሉ እንጂ ራሳቸው አይመቱም። ሁለተኛው ካፓሲተሩ ነው። ጊዜውን የሚወስነው 0.1 ማይክሮ ፋራድ የግድ ፖሊስተር ይሁን። ርካሹ ክብ ሴራሚክ ሙቀት ሲለወጥ መጠኑም ይለወጣል፤ ምድጃ ባለበት ዳቦ ቤት ጠዋት ያስተካከላችሁት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቻርጀሩን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ይቆያል። የሚሠራው ሁሉ ከዩኤስቢ ገመዱ ወዲህ ባለው 5 ቮልት ላይ ነው።

ይህ ማንቂያ ይጮሃል እንጂ ማሽን አያጠፋም። ሰው ካልደረሰለት እሳት ሊያስነሳ በሚችል ሥራ ላይ ብቻውን አትመኑት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ማቡኪያው 8 ደቂቃ ሠርቶ መብራት ቢጠፋና ቢመለስ፣ ማንቂያው ያለፈውን 8 ደቂቃ አያውቀውም።

አሠራር

1. ገመዱን አዘጋጁ። የዩኤስቢ ገመዱን የስልክ ጫፍ ቁረጡና ላጡት። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ በርካሽ ገመድ ላይ ግን ቀለሙ ስለማይታመን ቻርጀሩን ሰክታችሁ በቴስተር ለኩ። ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማሳየት አለበት። አረንጓዴውንና ነጩን ለየብቻ በቴፕ ሸፍኑ። አዲሶቹ በሁለቱም በኩል የሚሰኩት ባለ ሲ ቀዳዳ ቻርጀሮች ስልክ መኖሩን ሳያውቁ ቮልት ስለማይለቁ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ በኢትዮጵያው 220ም በአሜሪካው 120ም ይሠራል።

2. የ5 ቮልቱን መስመር ዘርጉ። የአይሲውን መሰኪያ ቦርዱ ላይ በይዱ፤ አይሲውን ገና አትሰኩ። ግማሽ ክብ ምልክቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት እግር 1 ከላይ በግራ ነው፣ ቁጥሩ በግራ እስከ 8 ይወርዳል፣ ከታች በቀኝ ከ9 ተነሥቶ ወደ ላይ 16 ይደርሳል። ቦርዱ ሲገለበጥ ግራና ቀኙም እንደሚገለበጥ አትርሱ፤ የጀማሪ ስህተት ግማሹ እዚህ ላይ ነው። እግር 16ን ከፖዘቲቭ፣ እግር 8ን ከኔጌቲቭ አገናኙ። ሴራሚኩን 0.1 በእነዚህ ሁለት እግሮች መካከል፣ እግሮቹ ሥር ድረስ አስጠግታችሁ በይዱ፤ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ በመስመሩ ላይ የሚመጣውን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው፣ ርቆ ከተቀመጠ ግን አይውጥም። 100 ማይክሮ ፋራዱንና 470 ኦሙን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መስመር መካከል አድርጉ። 470 ኦሙ ትርፍ ይመስላል፤ ሥራው ማሽኑ ሲጠፋ ቻርጀሩ ውስጥ የቀረውን ቮልት ቶሎ ማፍሰስ ነው።

3. የዜሮ ማድረጊያውን ሥሩ። የ1 ማይክሮ ፋራዱን ፖዘቲቭ እግር ከፖዘቲቭ መስመር፣ ኔጌቲቩን ከእግር 12 ጋር። ከእግር 12 ወደ ኔጌቲቭ መስመር 100 ኪሎ ኦም። ከ100 ኪሎ ኦሙ ጎን አንዱን 1ኤን4148፣ ጥቁር ቀለበቱ ወደ እግር 12፣ ሌላው ጫፉ ወደ ኔጌቲቭ። መብራት ሲመጣ እግር 12 ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ከፍ ይልና ቆጣሪውን ዜሮ ያደርገዋል። ይህ ባይኖር አይሲው ከየትኛውም ቁጥር ሊነሳ ይችላል፤ አንድ ቀን በ2 ደቂቃ፣ አንድ ቀን ገና እንደበራ ይጮሃል። ዳዮዱ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጎ ለሚቀጥለው ዙር ያዘጋጀዋል። ቁልፉን በፖዘቲቭ መስመርና በእግር 12 መካከል አድርጉ፤ መሀል ላይ እንደገና ከዜሮ ማስጀመር ስትፈልጉ ትጫኑታላችሁ።

4. የሚመታውን ክፍል ሥሩ። ከሦስት እግሮች የሚወጡ ሦስት ዕቃዎች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፦ ከእግር 9 ፖሊስተሩ 0.1፣ ከእግር 11 2.2 ሜጋ ኦሙ፣ ከእግር 10 ደግሞ 47 ኪሎ ኦሙና ቮልዩሙ በተከታታይ። የቮልዩሙን መሀል እግር ከአንዱ ዳር እግር ጋር አጣምሩት፤ ሲያረጅ ውስጡ ያለው ጥፍር ለቅጽበት ቢለቅ እንኳ መስመሩ እንዳይቋረጥ ነው። 47 ኪሎ ኦሙ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ሬዚስተር ነው። ሽቦዎቹ ይጠሩ፣ በተለይ እግር 11 ያለበት።

5. ኤልኢዲውን አስገቡ። ከእግር 7 በ2.2 ኪሎ ኦም አልፎ ወደ ኤልኢዲው ረጅም እግር፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ። አይሲው በ5 ቮልት የሚችለው ከረንት ትንሽ ስለሆነ 220 ወይም 330 ኦም አታድርጉ። ይህ መብራት መቁጠሩን ከማሳየቱም በላይ ጊዜ የምናስተካክለው በእሱ ነው።

6. አይሲውን ሳትሰኩ ፈትሹ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ በመሰኪያው 16ኛና 8ኛ ቀዳዳ መካከል ለኩ፤ 5 ቮልት ካለ ንቀሉና አይሲውን ሰኩ። ከመያዛችሁ በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ንኩ፤ የልብስ ፍትጊያ የሚፈጥረው ቻርጅ ይህን ዓይነት አይሲ ሳይታይ ይገድለዋል። አሁን ቻርጀሩን ስትሰኩ ኤልኢዲው ቀስ እያለ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ካላለ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ።

7. ቡዘሩን ግጠሙ። የቢሲ547 ጠፍጣፋ ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። ከእግር 3 በ10 ኪሎ ኦም ወደ ቤዝ፤ ኤሚተሩ ወደ ኔጌቲቭ፤ ቡዘሩ በፖዘቲቭ መስመርና በኮሌክተሩ መካከል፣ ፕላስ ምልክቱ ወደ ፖዘቲቭ። ከአሮጌ ቦርድ የነቀላችሁትን ኤስ8050 ከተጠቀማችሁ ቅደም ተከተሉ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቡዘሩን በቀጥታ ከእግር 3 ጋር ማገናኘት አይሆንም፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚፈልግ ቡዘር 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ከሚሰጥ እግር ምንም አያገኝም።

8. ማቆሚያውን ዳዮድ አክሉ። ሁለተኛው 1ኤን4148፣ ጥቁር ቀለበቱ ወደ እግር 11፣ ሌላው ጫፉ ወደ እግር 3። ጊዜው ሲሞላ እግር 3 በዚህ ዳዮድ እግር 11ን ከፍ አድርጎ ይይዝና መምታቱን ያቆመዋል። ዳዮዱ ከሌለ ቆጣሪው ይቀጥላል፤ 15 ደቂቃ ይጮህና 15 ደቂቃ ዝም ይላል፣ በዝምታው ጊዜ የደረሰ ሰው ገና እየቆጠረ ይመስለዋል።

9. በፍጥነት ፈትሹ። 15 ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልግም። ትርፉን 10 ኪሎ ኦም ከ47 ኪሎ ኦሙና ከቮልዩሙ ድምር ጋር ጎን ለጎን፣ ማለትም ከእግር 10 እስከ ሦስቱ ዕቃዎች እስከሚገናኙበት ነጥብ፣ ለጊዜው አገናኙ። ቻርጀሩን ስትሰኩ ኤልኢዲው በፍጥነት ይርገበገባል፣ ከ15 እስከ 19 ሰከንድ ባለው ጊዜ ቡዘሩ ይጮሃል፣ ኤልኢዲው ይጠፋል። ቁልፉን ስትጫኑ ዝም ብሎ እንደገና መቁጠር ይጀምራል። ከተሳካ 10 ኪሎ ኦሙን አንሡ።

10. ጊዜውን አስተካክሉ። የኤልኢዲው አንድ ብልጭታ፣ ማለትም በርቶ ጠፍቶ እንደገና እስኪበራ፣ 16 ምት ነው። ሙሉው ጊዜ 8192 ምት ስለሆነ ልክ 512 ብልጭታ ይሆናል። ስለዚህ የ10 ብልጭታን ጊዜ በስልክ ሰከንድ ቆጣሪ ለክታችሁ በ51.2 አባዙት፤ ማንቂያው የሚጮህበት ሰከንድ ያ ነው። ሰከንድ ቆጣሪውን ኤልኢዲው ሲበራ ጀምሩ፣ ያንን «ዜሮ» በሉት፣ አሥረኛው ሲበራ አቁሙ። መጀመሪያውን «አንድ» ብሎ መቁጠር ከአሥር እጅ አንዱን ያሳስታችኋል።

ለተለመዱት ጊዜያት 10 ብልጭታ የሚፈጀው፦
- ለ5 ደቂቃ፦ 5.9 ሰከንድ
- ለ10 ደቂቃ፦ 11.7 ሰከንድ
- ለ15 ደቂቃ፦ 17.6 ሰከንድ
- ለ20 ደቂቃ፦ 23.4 ሰከንድ
- ለ30 ደቂቃ፦ 35.2 ሰከንድ

ቮልዩሙን ትንሽ እያዞራችሁ እዚህ ቁጥር ላይ ስትደርሱ በሣጥኑ ፊት ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ሬዚስተሩም ካፓሲተሩም ከተጻፈባቸው ጥቂት ስለሚለያዩ የጎረቤታችሁን ምልክት አትገልብጡ።

በ0.1 ማይክሮ ፋራድ የምታገኙት ከ1 ደቂቃ ተኩል እስከ 33 ደቂቃ ገደማ ነው። ለረዘመ ሥራ ፖሊስተሩን ብቻ ለውጡ፦ 0.22 ከ3 እስከ 72 ደቂቃ፣ 0.47 ከ7 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። በ0.47 መጨረሻው ላይ ኤልኢዲው 9 ሰከንድ ያህል ጠፍቶ ስለሚቆይ የሞተ ይመስላል፤ ታገሡት።

11. ቦርዱን አጽዱና ሣጥን ውስጥ አስገቡ። የብየዳውን ቅባት በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ፣ በተለይ በእግር 9፣ 10 እና 11 ዙሪያ። 2.2 ሜጋ ኦም ባለበት ቦታ ቅባትና እርጥበት እንደ ሌላ ሬዚስተር ይቆጠራሉ፤ በክረምት ጊዜው የሚዛነፈው በዚህ ነው።

ከማሽኑ ጋር ማገናኘት

ማሽኑ ከግድግዳ ሶኬት ተሰክቶ የራሱ ማብሪያ ካለው፣ ቻርጀሩን ከጎኑ ብትሰኩት ሁልጊዜ እንደበራ ይቆያል፤ ማሽኑ ሲነሳ አያውቅም። ማብሪያ ያለው ኤክስቴንሽን ተጠቀሙ፦ ማሽኑንም ቻርጀሩንም እሱ ላይ ሰኩ፣ የማሽኑን ማብሪያ እንደበራ ተዉት፣ ከዚህ በኋላ ማብራትና ማጥፋት በኤክስቴንሽኑ ብቻ ይሁን። ግማሽ ኪሎ ዋትና 750 ዋት ለሆኑ የቤት ፓምፖች ይህ ይበቃል። ኤክስቴንሽኑን ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ትልቅ ምድጃ ወይም ከ2000 ዋት በላይ የሚወስድ ማንኛውንም ነገር በዚህ መንገድ አታድርጉ። 16 አምፔር የሚችል እውነተኛ ኤክስቴንሽን እንኳ በ220 ቮልት ጣሪያው 3520 ዋት ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ደግሞ የተጻፈበትን አይችልም። መጀመሪያ ስፒናው ይሞቃል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል።

በኮንታክተር (ትልልቅ ሞተሮችን በሚያበራና በሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) የሚነሳ ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። ኮንታክተሩ ላይ 13 እና 14 የተጻፈባቸው ትርፍ መገናኛዎች አሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ የሰርኪቱ ፖዘቲቭ መስመር በእነሱ በኩል ያልፋል። እዚህ ላይ በ5 ቮልት ፈንታ 12 ቮልት አዳፕተር ይሻላል፤ እነዚህ መገናኛዎች በጣም ዝቅተኛ ቮልት ላይ አቧራና ዝገት ስላለባቸው አንዳንዴ አይነኩም። ያኔ ቡዘሩን በ12 ቮልት፣ 2.2 ኪሎ ኦሙን በ4.7 ኪሎ ኦም፣ 470 ኦሙን በ2.2 ኪሎ ኦም ለውጡ። ቮልቱ ሲለወጥ ጊዜውም ትንሽ ስለሚለወጥ ደረጃ 10ን ድገሙ። ሻጩ በሲዲ ፈንታ ኤችሲ የሚል 4060 ሰጥቷችሁ ከሆነ ግን 12 ቮልት ያቃጥለዋል፤ የእሱ ጣሪያ 6 ነው።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*ማሽኑን አጥፍቼ ወዲያው ሳበራው ከዜሮ አይጀምርም።* ቻርጀሩ ውስጥ የቀረው ቻርጅ ለጥቂት ሰከንድ 5 ቮልቱን ይይዘዋል፤ አይሲው መብራት መጥፋቱን አላወቀም። 470 ኦሙ በትክክል መበየዱን እዩ፣ ከዚያም በማጥፋትና በማብራት መካከል ወደ 10 ሰከንድ ጠብቁ። መጠበቅ የማይመች ከሆነ ቁልፉን ተጫኑ።

*እጄን ሳስጠጋ ኤልኢዲው ይፈጥናል።* እግር 11 ያለ ግንኙነት ቀርቷል፤ 2.2 ሜጋ ኦሙ አልተበየደም ወይም ተሰብሯል። አይሲው በአየር ላይ ያለውን የመብራት 50 ኸርዝ እንደ ምት እየቆጠረ ነው።

*እንደበራ ይጮሃል።* 1 ማይክሮ ፋራዱ ከፖዘቲቭ መስመር ወይም ከእግር 12 ጋር በትክክል ስላልተገናኘ ቆጣሪው ሲነሳ ዜሮ አልሆነም። የማቆሚያው ዳዮድ ከተገለበጠ ደግሞ ጭራሽ አይመታም፤ ኤልኢዲው እንደቆመ ይቀራል።

*ኤልኢዲው በትክክል ቆጥሮ ሲጨርስ ቡዘሩ አይጮህም፣ ቀጭ ብቻ ይላል።* የገዛችሁት ራሱ የማይጮኸው ዓይነት ቡዘር ነው። ሱቅ ላይ 5 ቮልት አስነክታችሁ ሳትሰሙ አትውሰዱ። ቀጭም ካላለ ትራንዚስተሩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።

*በአቅራቢያ ያለ ሌላ ሞተር ሲጠፋ ወይም ጎረቤት ብየዳ ሲሠራ መሀል ላይ ዜሮ ይሆናል።* ወደ ቁልፉ የሚሄደው ሽቦ ረዝሟል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፣ ሣጥኑንም ከሞተሩ አርቁት። ሴራሚኩ 0.1 ከአይሲው እግሮች ርቆ ከተበየደም ይኸው ይሆናል።

*ድምፁ በወፍጮና በግራይንደር መሀል አይሰማም።* ትልቅ ሳይረን በቢሲ547 አታስነሡ፤ ጣሪያው 100 ሚሊ አምፔር ስለሆነ ይቃጠላል። በምትኩ ቲፕ122 አስገቡ፣ 10 ኪሎ ኦሙ እንዳለ ይሁን፤ ለሳይረኑ ግን የሚፈልገውን አምፔር የሚችል ቻርጀር ያስፈልጋል፣ አለዚያ ገና ሲጮህ ቮልቱ ወርዶ ቆጣሪው ዜሮ ይሆንና ሳይረኑ አንዴ ብቻ ጮኾ ዝም ይላል።